ሣጥኗ የለችም

ሰከንድ የምትባለው በትክክለኛ ስሟ አይደለም። ቅጽል ስሙን ያወጣላት አባቷ ነው። እሱ ሰዓት ሠሪ ነው፤ ልጁ ገና በዳዴ ሳለች አንድ ቦታ አርፋ አልቀመጥ ማለቷን አይቶ፣ «ይቺማ የሰከንድ ዘንግ ናት፤ ሌሎቹ አንዲት እርምጃ እስኪራመዱ እሷ ዙሪያውን ጨርሳ ትመለሳለች» አለ። ስሙ በዚያው ቀረና ከቤት ወደ ሰፈር፣ ከሰፈር ወደ ትምህርት ቤት ተከትሏት ሄደ፤ ዛሬ ድረ ገጽ በምትሠራበት ቢሮ ሳይቀር የሚያውቋት በዚሁ ነው። እሷም ስሟን አላሳፈረችውም። ወንበር ላይ ተቀምጣ እንኳ ቀኝ እግሯ ለብቻው ይሮጣል፤ ጠረጴዛዋ ላይ ያለው የውሃ ብርጭቆ ቀኑን ሙሉ ሲንቀጠቀጥ ይውላል።

የዚያን ዕለት ግን እግሯ የሮጠው ያለ ምክንያት አልነበረም። በአንድ ቀን ሁለት ነገር ነው የተገጣጠመባት። አንደኛው ሥራ ነው። መሥሪያ ቤቷ ለአንድ የዓይን ክሊኒክ የሠራው ድረ ገጽ ትናንት ተከፍቶ ሰው እየተመዘገበበት ነው፤ ከሌላ ከተማ የሚመጡት የቀዶ ጥገና ሐኪሞች ለጥቂት ቀን ብቻ ስለሚቆዩ ምዝገባው ዛሬ ሥራ ሲወጣ ይዘጋል። ሁለተኛው አባቷ ነው። መመዝገብ ካለባቸው ሰዎች አንዱ እሱ ነበር።

የአባቷን የግራ ዓይን ሞራ ከጋረደው ዓመታት አልፈዋል። ታከም ባለችው ቁጥር፣ «ማጉያው የሚሰካው አንድ ዓይን ላይ ነው። ለሰዓት ሥራ ሁለተኛው ትርፍ ነው» እያለ በቀልድ ሲመልሳት ኖሯል። እሷ ግን ደረጃ ሲወርድ በግራ በኩል ግድግዳውን እየዳበሰ እንደሚሄድ ታያለች። ሻይ ሲቀዳ ከብርጭቆው ውጪ አፍስሶ በጨርቅ ቶሎ ሲደብቀውም ታያለች። ባለፈው ሳምንት ከየት እንደመጣለት እንጃ፣ ድንገት «እሺ» አለ። ከእሺታው ጋር ግን አንድ ነገር አስከተለ።

«የምቆረጠው እኔ፣ ቅጹን የምሞላው እኔ። አንቺ እጅሽን አታስገቢ። በገዛ እጄ ስሜን ጽፌ ካልሄድኩ ተሸክመው የወሰዱኝ ነው የሚመስለኝ።»

ሰከንድ አፏን ሞልታ ተስማማች። አንዲት ቃል ብትጨምር ሌላ ሦስት ዓመት እንደሚቀመጥ ታውቀዋለች።

እንግዲህ ጠዋት ቢሮ ገብታ ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ አለቃዋ ከኋላዋ ቆመ። ይህ ሰው ፊት ለፊቱ አለቃ ነው፤ ዘወር ሲል ግን ስሙ ጨርሱ ነው፤ ምክንያቱም ሲገባም ሲወጣም ከአፉ የማይጠፋው ቃል እሱ ነው። የክሊኒኩ ኃላፊ ደውሎ ገጹ አላማረኝም ብሎታል። ስም የሚጻፍበት፣ ስልክ የሚጻፍበትና የልደት ቀን የሚመረጥበት ቦታ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን፣ አንዱ ግራጫ ሆኖ የአንድ ቤት ልጆች አይመስሉም አለ።

«ሐኪሞቹ ሳያዩት አንድ አድርጊው። ጨርሺ።»

እዚህ ላይ ስለ ሥራዋ ትንሽ ማወቅ ያስፈልጋል፤ አይከብድም። ድረ ገጽ ላይ ሰው የሚሞላው ቦታ ሁሉ፣ ስሙም ስልኩም ቀኑም፣ እሺ ብሎ ምልክት የሚያደርግባት ትንሿ ሣጥንም፣ በኮዱ ውስጥ መጠሪያቸው አንድ ነው፤ ኢንፑት ይባላሉ። የአንድ እናት ልጆች እንደ ማለት ነው። አንዱ ከሌላው የሚለየው በዓይነቱ ነው፤ ይሄ የጽሑፍ ነው፣ ይሄ የስልክ ነው፣ ይሄ የቀን ነው፣ ይቺ የምልክት ናት ተብሎ በጎናቸው ይጻፋል። የቀለሙና የድንበሩ ትእዛዝ የሚሰጠው ደግሞ በሌላ ፋይል ነው። እዚያ ላይ ልባም ሠራተኛ እያንዳንዱን በዓይነቱ ይጠራዋል፤ «የጽሑፍ የሆንከው፣ ድንበርህ ይህን ይምሰል፤ የቀን የሆንከው፣ አንተ ደግሞ እንዲህ ሁን» ይላል። በደፈናው «ኢንፑት!» ብሎ የተጣራ ግን ቤቱ ሙሉ ይወጣለታል፤ ያልጠራት ትንሿም ሳትቀር።

ሰከንድ ይህን አታውቅም የሚል ካለ ሐሜት ነው። ታውቃለች። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ በመጀመሪያው ቀን የምታስተምረው እሱን ነው። እሷ ራሷ ለእያንዳንዱ ዓይነት ለየብቻ ጽፋለት ነበር፤ ችግሩ እንዲያውም ከዚያ ነው የመጣው፤ በተለያየ ቀን ስለጻፈቻቸው ነው ያልተመሳሰሉት። አሁን እያንዳንዱን አስተካክላ ለማስማማት ጊዜ ይፈልጋል። አለቃዋ ግን ከራስ ቅሏ በላይ ቆሞ ይተነፍሳል። የአባቷም ነገር አለ፤ ዛሬ ሱቁ ሲገባ እሞላለሁ ብሏታል፣ እስካሁን አልደወለም። ስለዚህ የዓይነቶቹን ስም ሁሉ ደመሰሰችና አንድ ትእዛዝ ብቻ ጻፈች። ኢንፑት የሆነ ሁሉ ገጹን የሚከፍተው ፕሮግራም፣ ብራውዘሩ፣ ያለበሰውን መልክ ያውልቅ፣ ድንበሩን ያጥፋ፣ ጀርባው ነጭ ይሁን አለች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እሷ ግን ማፍሰሷን እንኳ አላወቀችም።

ስሙ፣ ስልኩና ቀኑ በርግጥ አማረባቸው። ቀድሞ በዙሪያቸው ያሰመረችላቸው ግራጫ ክፈፍ ስለነበር፣ የራሳቸው ልብስ ሲወልቅ ሦስቱም አንድ ሆኑ። ትንሿ ሣጥን ግን ክፈፍ የላትም። ያላት ብራውዘሩ ያለበሳት ልብስ ብቻ ነበር፤ እሱን ሲገፏት ነጭ ላይ ነጭ ሆና ቀረች። አልሞተችም፤ ቦታዋን በዕድል የነካ ሰው ምልክት ያደርግባታል፤ ግን እሷም ምልክቷም አይታዩም። የክሊኒኩ ገጽ ደግሞ እሷ ካልተነካች ማንንም አይመዘግብም። አጠገቧ «የቀዶ ጥገናውን መመሪያ አንብቤ ተስማምቻለሁ» የሚል ጽሑፍ አለና፣ ያልተስማማ ሰው ዓይኑ አይነካም።

ሰከንድ መጥፋቷን ለምን አላየችም? ሣጥኗ የሰከንድ ላፕቶፕ ላይ ስላለች ነዋ! ከሳምንታት በፊት ለሙከራ ብላ ለዚያች ሣጥን ብቻ የሚያምር ድንበር የምትሰጥ አንዲት ትንሽ ፋይል ሠርታ ነበር። ፋይሏ ከላፕቶፗ አልወጣችም፤ ክሊኒኩ ጋ አልተላከችም፤ እሷም ረስታታለች። ስለዚህ ከላፕቶፗ ላይ ገጹን ስትከፍት ሣጥኗ ቁጭ ብላለች። የተላከውን ገጽ ደግሞ ከላይ ከላይ ብቻ አይታ፣ ሦስቱ ወንድማማቾች መመሳሰላቸውን አረጋግጣ ዘጋችው። አለቃዋም «ጎሽ» ብሎ ሄደ።

ከዚያ ስልኳ ጮኸ። አባቷ ነው።

«ሰከንዴ፣ ሞልቼ ጨረስኩ። ላክ የሚለውን ስነካው ግን በቀይ ይጮህብኛል።»

«ምን ብሎ?»

«ከመመሪያው አጠገብ ያለችውን ትንሽ ሣጥን ይንኩ ይላል።»

«ታዲያ ንካታ፣ አባዬ!»

«ሣጥኗ የለችም።»

«አለች። በደንብ እይ።»

«እያየሁ ነው። የለችም።»

ሰከንድ ላፕቶፗን ወደ ራሷ ሳበች። ሣጥኗ ፊት ለፊቷ ናት። «በዓይኔ በብረቱ እያየኋት ነው እኮ! ከጽሑፉ በፊት፣ በግራ በኩል።»

«አንቺ ጋ ነው። እኔ ጋ የለችም።»

«መነጽርህን አድርገሃል?»

«አድርጌያለሁ።»

«በደህናው ዓይንህ እይ እስቲ።»

አባቷ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «በደህናው ነው የማየው» አለ።

ይህን ቃል ሌላ ቀን ቢሆን ሰምታ ክው ትል ነበር። የዚያን ሰዓት ግን አለቃዋ ከወዲያ ሆኖ በእጁ ይጠራታል፤ እሷም አንድ እግሯን ከጠረጴዛው ሥር አውጥታለች። «ረጋ ብለህ እያት፣ መልሼ እደውላለሁ» ብላ ዘጋች። ረጋ ብለህ አለችው፣ እሷ!

አለቃዋ የጠራት የክሊኒኩ ነርስ ደውላ ስለነበር ነው። ሲስተሯ ግራ ገብቷታል። ትናንት ስም በስም ላይ ሲመጣ ውሎ ዛሬ ከጠዋት ወዲህ አንድም ሰው አልተመዘገበም።

«ቢላዋ ፈርተው ነው» አለ አለቃዋ። «ትናንት ጀግና ነበሩ፣ ሌሊት ተኝተው ሲያስቡት ፈሩ።»

«ወይም ሽማግሌዎች ናቸው፤ መሙላት አቅቷቸው ነው» አለች ሰከንድ። «አባቴ ራሱ ፊቱ የተቀመጠ ሣጥን አጥቶ እየፈለገ ነው።» ሳቀች። አለቃዋም ሳቀ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይሄ ነው።

ቢሆንም ልታረጋግጥ ፈለገች። ተመልሳ ላፕቶፗ ላይ ከላይ እስከ ታች ሞላችው፤ ሣጥኗን ነካች፣ ላከች፣ ሠራ። እንደገና ሞላች፣ እንደገና ሠራ። ክሊኒኩ ጋ ባለው ትክክለኛ ገጽ ላይ ሞልታ እንዳትሞክር ደግሞ ተከልክላለች። ትናንት ለመሞከር ብላ «ሙከራ» የሚባል በሽተኛ መዝግባ፣ ስልኩን የአለቃዋን አስገብታ ነበር። ሲስተሯ ደውላ «አቶ ሙከራ፣ የሚሠራልዎ ግራው ነው ቀኙ?» ብላ አለቃዋን ስትጠይቀው ጉዱ ወጣ። ከዚያ ወዲህ የሐሰት ስም እንዳላይ ተብሏል።

ስለዚህ ብድግ ትላለች፣ ትቀመጣለች። ውሃ ልትቀዳ ትሄድና ብርጭቆውን ሳትይዝ ትመለሳለች። መስኮቱን ከፈተችው፣ ነፋሱ ወረቀት ሲበትን ዘጋችው። በመጨረሻ ለአባቷ ደወለች።

«አገኘሃት?»

«አየኋት» አለ አባቷ።

«እሰይ! አላልኩህም?»

«ብለሽኛል።»

«ላክኸው?»

«እ… አዎ፣ ሄዷል።»

«ጎሽ የኔ አባት!» አለችና ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሿን ለቀቀች። እግሯ ግን መሮጡን አላቆመም። እግር አንዳንዴ ከራስ ይቀድማል።

ከምሳ በኋላ የደወለችላት ከአባቷ ሱቅ አጠገብ ያለችው ልብስ ሰፊ ናት። ይቺ ሴት ሰከንድን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ልብስ እያሳጠረችና እያስረዘመች ያሳደገቻት ናት፤ ስትደውል ሰላምታ አታውቅም።

«አንቺ ልጅ፣ አባትሽን ምን አድርገሽው ነው?»

«ምን ሆነ፣ እትዬ?»

«ያልተሠራ ሰዓት ለባለቤቱ እየመለሰ ነዋ! አንድ በአንድ እየደወለ፣ ኑና ውሰዱ፣ ሌላ ሠሪ ፈልጉ ይላል። አሁን ደግሞ የኔን የግድግዳ ሰዓት ታቅፎ አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው። ምነው ብለው፣ ደህናውም ዓይኔ ሄዷል አለኝ። እኔ እኮ አባትሽ ሰዓት ሳይሠራ ሲመልስ አይቼ አላውቅም። ሰዓቱ ጭር ሲልበት ራሱ ይታመማል።»

«ደህናውም ዓይኔ ነው ያለው?»

«ደህናውም። ልጄ ያየችውን እኔ ካላየሁ አበቃ አለኝ።»

ሰከንድ ስልኩን ስትዘጋው ትዝ አይላትም። ላፕቶፗን ቦርሳዋ ውስጥ ወሸቀችና ወደ በሩ ገሰገሰች። አለቃዋ «ወዴት?» ሲል፣ «አባቴ ጋ» አለች። «ሳትጨርሺ?» ሲላት መልስ አልሰጠችውም፤ ደረጃውን ግማሹን ወርዳ ነበር።

ያገኘችው ታክሲ ውስጥ ገባች፤ ታክሲው ሁለት መንገድ ተሻግሮ መኪና በመኪና ላይ በተደራረበበት ቆመ። ሹፌሩ ክንዱን በመስኮት አውጥቶ ከጎኑ ካለው ሹፌር ጋር ጨዋታ ጀመረ። እሷ ከፊት ያሉትን መኪናዎች ታያለች፣ ስልኳን ታያለች፣ ሹፌሩን ታያለች። መሬት ጠበባት። «ወራጅ አለ!» ብላ ወረደችና በእግሯ ነካችው። ቦርሳዋ ጎኗን እየደቃት፣ ሰው እየገፋችና ይቅርታ እያለች ሮጠች። በልቧ አባቷን ትቆጣዋለች። አየኋት ብሎኝ! ልኬዋለሁ ብሎኝ! ምን ዓይነት ግትር ሰው ነው! ቁጣው ፍርሃቷን ይሸፍንላት ስለነበር አጥብቃ ያዘችው።

የአባቷ ሱቅ ጠባብ ናት፤ ከአንድ ሰው በላይ ከገባ አንዱ ከበሩ ላይ መቆም አለበት። ከጀርባው ያለው መደርደሪያ ሁልጊዜ የታመሙ ሰዓቶች ይደረደሩበት ነበር፤ አንዱ ስድስትን፣ ሌላው ዘጠኝን እያመለከተ ወረፋውን ይጠብቃል። አሁን መደርደሪያው ባዶ ነው። አባቷ ሁለት እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ተቀምጧል። ማጉያው በጨርቅ ተጠቅልሎ አጠገቡ ተቀምጧል። ስታየው አንጀቷን በላት፣ ከአፏ የወጣው ግን ቁጣው ነው።

«አየኋት አላልከኝም?»

«ብዬሻለሁ።»

«ላክኸውስ?»

«አልላክሁትም። አላየኋትም።»

«ታዲያ ለምን ትዋሸኛለህ?»

አባቷ ጠረጴዛውን በመዳፉ ጠረገው፤ አቧራ አልነበረበትም። «ሥራ ላይ ነሽ። ድምፅሽ ይጣደፋል። ልጄ ዕውር ሆነሃል ስትለኝ ደጋግሜ ከምሰማ፣ አየሁ ብዬ ብገላገል ይሻላል አልኩ።»

«ዕውር መች ወጣኝ?»

«በደንብ እይ አልሽኝ። እኔ ደግሞ ከዚያ በላይ በደንብ ማየት አልችልም፣ ሰከንዴ። ያለኝን ሁሉ አድርጌ ነው ያየሁት። በማጉያው ሳይቀር።»

እሱ ቀጠለ፤ ነገሩን ቁጭ ብሎ ያሰበበት ይመስል ነበር። «ግራውን ሊቆርጡልኝ የነበረው ቀኙ ቤቱን ስለሚጠብቅ ነው። ቀኙም ከሄደ ምን ይዤ እገባለሁ? ቦታውን ዓይኑ ገና ለሚተርፍለት ሰው ልተወው። የሰው ሰዓትም በእጄ ላይ እንዳይበላሽ መለስኩ።»

«ምንም አልሄደም! ስልክህን ስጠኝ። አሁን በጣቴ አሳይሃለሁ።»

ስልኩን እንደ መንጠቅ አድርጋ ወሰደችው። የሞላው ሁሉ አለ፤ ስሙን አንድም ፊደል ሳይስት ጽፏል፣ ስልኩ ትክክል ነው፣ የልደት ቀኑም። ወደ ታች አወረደችው። «ይኸውልህ፣ እዚህ ጋ፣ ከጽሑፉ በፊት…»

ጣቷ ነጭ ላይ አረፈ።

ስልኩን በእጅጌዋ ጠረገችው። ብርሃኑን እስከ ጥግ ጨመረችው። ወደ በሩ ወስዳ አዘነበለችው። «የቀዶ ጥገናውን መመሪያ አንብቤ ተስማምቻለሁ» ይላል፤ ከፊቱ ምንም የለም።

«የለችም» አለች።

«ምኗ?»

«ሣጥኗ። የለችም፣ አባዬ።»

አባቷ ከመቀመጫው ተነሣ። ደስ ይለዋል ብላ ስትጠብቅ ፊቱ ተለወጠ፤ አገጯን በእጁ ያዘና ወደ ብርሃኑ መለሳት። «አንቺም አላየሻትም? ምነው ልጄ፣ ዓይንሽን ምን ነካው? ወይኔ፣ የኔን ነው የወረስሽው!»

ሰከንድ ሳቅና ልቅሶ አንድ ላይ መጣባት። «ዓይኔ ደህና ነው። ያንተም ደህና ነው። የሌለች ነገር ነው ፈልግ ያልኩህ።» ላፕቶፗን ከፍታ ጠረጴዛው ላይ ከስልኩ ጎን አስቀመጠችው። እዚያ አለች፣ እዚህ የለችም። አንዴ ይህን አንዴ ያን ስታይ ቆየች፤ ከዚያ የረሳቻት ትንሽ ፋይል ትዝ አለቻት፣ ጠዋት የጻፈችው ትእዛዝም።

«እኔ ነኝ ያጠፋኋት። ሁሉንም በጅምላ ጠርቼ ልብሳቸውን አስወለቅኋቸው። እሷ ከዚያ ሌላ አልነበራትም።»

«የማንን ልብስ?» አለ አባቷ። አልገባውም፤ ግን ልጁ ስታፍር ያውቃልና ሌላ አልጠየቀም። ወንበሩን ለቀቀላትና በሩ ላይ ቆመ።

መጀመሪያ ለአለቃዋ ደወለች። ዛሬ ጠዋት በጻፈችው ትእዛዝ ሣጥኗ መጥፋቷን፣ ከዚያ ወዲህ የሞከረ ሰው ሁሉ በሩ ላይ መመለሱን ሳትሸፋፍን ነገረችው። ጨርሺ ይለኛል ብላ ጠበቀች።

«ቀስ ብለሽ ሥሪው» አለ አለቃዋ። «እኔ ሲስተሯ ጋ ልደውል። ነገም ክፍት ያድርጉልን ብዬ እለምናለሁ፤ እሺ ይበሉ አይበሉ አላውቅም። የተመለሱትን ደግሞ ከየት እናገኛቸዋለን? ስማቸው አልተመዘገበ።»

ይህ ቃል ከስድብ ሁሉ በላይ ቆረጠማት። አባቷስ ልብስ ሰፊዋ ለእሷ ስለደወለች ተገኘ። ሌላው ስንቱ ስልኩን አጥፎ፣ ልጆቹን አላስቸግርም ብሎ፣ ዓይኔ ነው አበቃ ብሎ በየቤቱ ተቀምጦ ይሆን? መቁጠር አይቻልም። የጅምላውን ትእዛዝ ደመሰሰችና እንደገና ጻፈች። ዓይነትህ የጽሑፍ የሆንከው፤ ዓይነትህ የስልክ የሆንከው፤ ዓይነትህ የቀን የሆንከው። እያንዳንዱን በስሙ ጠራችው። የምልክቷን ሣጥን ማንም እንዳይነካት ተወቻት። ላከችው። ያቺን የላፕቶፗን ትንሽ ፋይል ለጊዜው ዘጋችና የክሊኒኩን ገጽ ከላይ እስከ ታች አየችው። ሣጥኗ ብራውዘሩ የሰጣትን ልብስ ለብሳ ቁጭ ብላለች።

«በል እይ» አለች ስልኩን እየሰጠችው። «አሁንስ?»

አባቷ ስልኩን ወደ ፊቱ አስጠጋ። እሷን አየ፣ እንደገና ስልኩን አየ። አየኋት ሊል ከንፈሩ ሲከፈት አየችው። መልሶ ዘጋው።

«የለችም» አለ።

ላፕቶፗ ላይ አለች። አሁን በራሷ እጅ ሠርታታለች። «በደንብ እ…» የሚለው ቃል እስከ ምላሷ ጫፍ ደረሰ። ዋጠችው።

«የለችም ካልክ የለችም» አለችና ስልኩን ተቀበለችው።

በርግጥም አልነበረችም። ስልኩ የጠዋቱን የመልክ ፋይል ይዞ ቀርቷል፤ አዲሱን ገና አልወሰደም። የያዘውን ሁሉ አስለቀቀችውና ገጹን እንደ አዲስ ከፈተችው። የሞላው ጠፍቶ ስለነበር አባቷ ተቀምጦ እንደገና ጻፈ፤ ስሙን፣ ስልኩን፣ ቀኑን። የሥራ መውጫ ሰዓት እየቀረበ ነው፤ በጣቱ ፊደል በፊደል ሲለቅም እሷ ከጎኑ ቆማ እጇን ከኋላዋ ቆልፋ ያዘች። እኔ ልሙላልህ አላለችም። በሕይወቷ እንደዚያ የከበዳት ነገር የለም።

ወደ ታች ሲደርስ አባቷ ጨርቁን ፈታ፣ ማጉያውን አወጣና ቀኝ ዓይኑ ላይ ሰካው። ስልኩን እንደ ሰዓት ሆድ አቅርቦ ያዘው። ረጅም ጊዜ አየ።

«አለች» አለ።

ሰከንድ ዓይኗን ጨፈነች።

«ግን ከጽሑፉ ትንሽ ዝቅ ብላለች። እኩል አይደለችም።»

ጎንበስ ብላ አየች። ለእሷ እኩል መሰለቻት። ላፕቶፗን ሳበችና ለካችው፤ እውነቱን ነው፣ የፀጉር ያህል ዝቅ ብላለች።

«ልክ ነህ፣ አባዬ» አለች። «አስተካክላታለሁ።»

«ተያት፤ ከታየች ይበቃል» አለና ነካት። ምልክቷ ታየች። ላክ የሚለውንም ነካ። ገጹ ትንሽ አሰበና በአረንጓዴ «ተመዝግበዋል» አለ፤ አባቷ ጽሑፉን ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበውና አንዴም ደገመው። ከዚያ ማጉያውን አወለቀ፣ በጨርቁ ወለወለው፤ አልጠቀለለውም ግን። ዞሮ ባዶውን መደርደሪያ አየ።

«በይ ተነሽ» አለ። «የልብስ ሰፊዋን የግድግዳ ሰዓት ተቀብለሽልኝ ነይ። ቶሎ በይ፤ ሌላ ሠሪ ሳታገኝ።»